የሐጂ ረጀብ ጆሮ

አሶሳ ከተማ ውስጥ ከሐጂ ረጀብ የሰሊጥ መጋዘን የበለጠ ጸጥ ያለ ክፍል አይገኝም። ከወለሉ እስከ ቆርቆሮው የተደረደረው ጆንያ የወፍጮ ቤቱንም፣ የገበያተኛውንም ጫጫታ ውጦ ያስቀረዋል። ችግሩ በሩ ነው። ሳንቃው ተሰንጥቆ ድመት ያሳልፋል፤ ድመት በሚያሳልፈው በኩል ደግሞ የከተማው ባጃጅ ሁሉ ጩኸቱን ይዞ ይገባል።

በዚያ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጣሀ ስንጥቁን በባዶ ጆንያ ወትፎ፣ ላፕቶፑን ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ፣ ላቡን በእጅጌው ጠራረገ። ሐጂ ረጀብ ፊት ለፊቱ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ቆባቸውን ደፍተው፣ ሁለት ትንንሽ የመስሚያ መሣሪያዎች ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለዋል።

«ሐጂ፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር እጅዎን ያነሳሉ!» ሲል ጣሀ ጮኸ።

«አትጩህ። እኔ ይሰማል» አሉ ሐጂ፣ ሴትና ወንድ፣ እኔና እሱ በማይለየው የበርታ አማርኛቸው።

አይሰሙም። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሐጂ ረጀብ የሚሰሙት የሚፈልጉትን ብቻ ነው፤ እሱንም ከተናጋሪው ፊት እያነበቡ። ልጃቸው ሂባ በከተማው ሬዲዮ በበርታ ቋንቋ ዜና ታነባለች። ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ሐጂ ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፍተው ትከሻቸው ላይ ያስቀምጡታል። ገበያው በሙሉ ዜና ይሰማል፤ ለእሳቸው የሚደርሳቸው ትከሻቸው ላይ ያለው ንዝረት ብቻ ነው። ማታ ሂባ ቤት ስትገባ «ዛሬ ጥሩ አነበብሽ» ይሏታል። አንድ ቀን ጉሮሮዋን አሟት ሌላ ሰው ተካት። ያን ቀንም «ዛሬ ጥሩ አነበብሽ» አሏት። ሂባ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ በነጋታው መጥታ ለጣሀ «የአባቴን ጆሮ ጠግንልኝ» አለችው።

ጣሀ ፖላንድ ውስጥ አራት ዓመት ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ የተመለሰ መሐንዲስ ነው። አሁን አሶሳ ገበያ ስልክ ይጠግናል። ለምን ተመለስክ ሲሉት በሳምንቱ ቀናት ልክ ሰባት መልስ አለው፤ አንዱንም ራሱ አያምንበትም። ሐጂን አዲስ አበባ ሄደው ይታዩ ቢሏቸው «ጆሮዬን አውሮፕላን አላሳፍርም» ብለው እንቢ አሉ። ስለዚህ ጣሀ አንድ የማያውቀው ሰው ፖላንድ ውስጥ በኢንተርኔት ለሽያጭ ያወጣውን፣ ሁለት ዓመት ያገለገለ ጥንድ የመስሚያ መሣሪያ ገዛ። የድሮ የክፍል ጓደኛው በካልሲ ጠቅልሎ በመንገደኛ ላከለት። መሣሪያውን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያክል ዕቃም ለብቻው አዘዘ። ከዚያ የገዛ ጆሯቸውን ራሳቸው የሚያስተካክሉ ሰዎች የጻፉትን ሁሉ ሦስት ሳምንት ቁጭ ብሎ አነበበ። አንዳንዶቹ እንደ እሱ በፍቅር የተጠመዱ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሰው ያለ ምክንያት ይህን ሁሉ አይደክምም።

የእሱ ምክንያት አሁን ከጆንያው ጎን ቆማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ትስቃለች።

ሌሎች ፍቅረኞች በዓይን ያወራሉ፤ ደብዳቤ ይደብቃሉ። ጣሀና ሂባ ግን እንደ እነሱ ማድረግ አልቻሉም። ሐጂ ዓይናቸው ጭልፊት ነው፤ ደብዳቤም ያገኛሉ። ንግግር ብቻ ነፃ ነበር። ስለዚህ ፍቅራቸው በሐጂ መጋዘን ውስጥ፣ በሐጂ ፊት፣ በሙሉ ድምፅ አደገ። ደንቡ አንድ ነው፤ ፊት የሰሊጥ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ፊት መምሰል አለበት። ጣሀ ሚዛኑን እየነካካ፣ ግንባሩን ቋጥሮ «ትናንት ዓይንሽን አስቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም» ይላል። ሂባ የጆንያውን አፍ እየሰፋች፣ በቅሬታ ራሷን ነቅንቃ «እኔም» ትላለች። ሐጂ መሀል ላይ ተቀምጠው፣ ልጃቸው ዋጋ አልቀንስም ማለቷን አይተው ይረካሉ።

«ጆሯቸው ከተጠገነ እኛ ምን እንሆናለን?» ብሎ ጠይቋት ነበር።

«ያኔ እንደ ሰው ሽማግሌ ትልካለህ።»

ሽማግሌ መላኩ ነው ጣሀን የከበደው። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ሐጂ ረጀብ የአያቶቻቸውን ስም እስከ ስምንተኛው ይቆጥራሉ፤ ከቤታቸው ለሰፋሪ ልጅ የተዳረች የለችም። «ሰፋሪ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም» ይላሉ። ይህን ሲሉ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ሰፋሪዎቹ የትም አልሄዱም። የሄደው ጣሀ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ዐብዱልቃድር የሚባል ባለ ሁለት አይሱዙ ነጋዴ የሂባን እጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ አዘጋጅቷል። የሚመጡት በመጪው ሳምንት ሐሙስ ነው። ሐጂም የዚያኑ ዕለት መልስ እሰጣለሁ ብለዋል።

ፈተናው ተጀመረ። ጣሀ አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ ሐጂ እጃቸውን አነሱ። ሌላ ተጫነ፤ አነሱ። እንደ ጉንዳን ሹክሹክታ የቀጠነውን ድምፅ ላከ፤ እሱንም አነሱ። ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ላይ የወጣው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ጆሮ ነበር።

«ጣትህን እያየ ነው» አለች ሂባ፣ የሰሊጥ ዋጋ ፊቷን አድርጋ።

«አውቃለሁ። ሐጂን አጭበረበሩ ልበላቸው?»

ሂባ አባቷን በትከሻቸው ይዛ፣ ፊታቸውን ወደ ጆንያው ክምር አዞረቻቸው። ጣሀ ሁለት እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስቶ ደረቱ ላይ አጣጠፈ። ምንም ድምፅ አልላከም። አንድ ደቂቃ አለፈ።

ሐጂ ረጀብ እጃቸውን አነሱ። ትንሽ ቆይተው ደግመው አነሱ። ሦስተኛውን፣ ጨረታ እንደሚያሸንፍ ሰው፣ በሙሉ ልብ አነሱ።

ሂባ አልሳቀችም። ሄዳ ፊታቸው ተንበረከከች፤ አየር ላይ የቀረውን እጃቸውን ይዛ ቀስ ብላ ጉልበታቸው ላይ መለሰችው። ከንፈሯን እንዲያዩት ቀስ አድርጋ «ያባ፣ ምንም ድምፅ የለም» አለቻቸው።

ሐጂ ቆባቸውን አስተካከሉ። ከዚያ «ነጋዴ ነኝ እኮ» አሉ። «ያልሰማሁት እንዳለ ካወቁ ይጫወቱብኛል።»

ሦስተኛው ሙከራ እውነተኛው ሆነ። ረጅምና አድካሚ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መስመር ወደ ዓባይ ሸለቆ እንደሚወርድ መንገድ ቁልቁል ሲወርድ ጣሀ ልቡ አብሮ ወረደ፤ ይህ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻውን እዚያ ታች ነበር። ድምፁን እየለካ አስተካከለ፣ ጫነ፣ ፉጨቱን ቀነሰ። ከዚያ ከጀርባቸው ቆሞ በተለመደው ድምፅ «ሐጂ፣ ይሰማሉ?» አለ።

ሐጂ ረጀብ ጀርባቸው ትንሽ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ቆይተው ዞር አሉ። ፊታቸው ላይ የሰሊጥ ዋጋ ብቻ ነበር።

«ፉጨት ነው። ኸላስ፣ አይሠራም» አሉ፤ መሣሪያዎቹን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ። «መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሂባ፣ ልጁ ግን ደክሟል፣ ሻይ ስጠው።»

ሂባ ሻዩን ቀድታ ስኳሩን ረሳችው። ጣሀ ያን ሻይ ያለ ስኳር ጠጣው፤ አላወቀውም።

ከማግስቱ ጀምሮ ሐጂ ነጭ ጥምጣም መጠምጠም ጀመሩ፤ እስከ ጆሯቸው። ንፋስ መታኝ አሉ። አንዴ ከጥምጣማቸው ውስጥ ቀጭን ፉጨት ወጣ፤ ሐጂ ቀና ብለው ጣሪያው ላይ የሌለችውን ወፍ በቁጣ አባረሯት። ማንም ምንም አልጠረጠረም።

ሰኞ ዕለት ጣሀና ሂባ ተጣሉ። እንደ ልማዳቸው በሐጂ ፊት፣ እንደ ልማዳቸው በሙሉ ድምፅ።

«ሻንጣህን ፈታኸው?» አለች ሂባ፣ ሰሊጥ እያበጠረች።

«ፈትቻለሁ እኮ። ልብሴ ሁሉ ወጥቷል።»

«ካፖርቱስ?»

ጣሀ የሚዛኑን ድንጋይ አነሳ። ከፖላንድ ያመጣው ወፍራም፣ ከውስጡ በግ የሚመስል የክረምት ካፖርት አለው። ስምንት ወር ሙሉ ሻንጣው ውስጥ፣ ከተከራየው ክፍል በር አጠገብ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«አሶሳ ላይ በረዶ እየጠበቅህ ነው?»

«ውድ ካፖርት ነው፣ ሂባ።»

«ካፖርት አይደለም፤ ትኬት ነው።»

ጣሀ ሚዛኑ ላይ አጎነበሰ። «እውነቱን ልንገርሽ? እዚያ ሳለሁ ልቤ እዚህ ነበር። እዚህ ስመጣ ደግሞ ልቤ እንዳይቀልድብኝ ፈራሁ። የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ሽማግሌ ይልካል? ደግሞ ለማን? አባትሽ እንደሆነ ፈገግ ከሚል ደረሰኝ ቢቆርጥ ይቀለዋል።»

ሐጂ ረጀብ ሳል ያዛቸው። ረጅም ሳል ነበር። ውሃ ጠጡና ወደ መዝገባቸው ተመለሱ።

«አባቴ» አለች ሂባ፤ ፊቷ ደንቡን ሊያፈርስ ምንም አልቀረውም፤ «አባቴ የማይሰማውን ድምፅ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ሦስት ዓመት ጠበቀ። አንተ አንድ ካፖርት ማውጣት አቃተህ። ሐሙስ ለዐብዱልቃድር እሺ ቢል እኔ አልፈልግም እላለሁ። ግን ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ።»

ወንፊቱን አስቀምጣ ወጣች። ጣሀ የተበላሸ ነገር የሌለውን ሚዛን ሲጠግን አመሸ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ አንድ ሆኖ የማያውቅ ነገር ሆነ። ሐጂ ረጀብ ራሳቸው የጣሀ መጠገኛ ሱቅ መጡ። ግራ ቀኝ አይተው ጎንበስ አሉ።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ አንድ ወዳጅ አለኝ።»

«እሺ ሐጂ።»

«ጆሮው ውስጥ ሴትዮ ገብቷል።»

ጣሀ መበየጃውን አስቀመጠ። «ምን ዓይነት ሴትዮ?»

«ፈረንጅ ነው። ስሙ ስዋባ ነው መሰለኝ፤ ስዋባ፣ ስዋባ ይላል። ከትናንት ጀምሮ መጣ፣ ተናገረ፣ ሄደ። ገበያ መሀል ይመጣል። ውዱእ ሲያደርግ ይመጣል። ወዳጄ ሐጂ ነው፣ ሚስቱ የሞተ ነው። ሰው ቢሰማ ምን ይላል?»

ጣሀ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን መለሰ። ስዋባ ማለት በፖላንድ ቋንቋ ደካማ ማለት ነው። የመስሚያ መሣሪያው ባትሪው ሲደክም በቀድሞ ባለቤቱ ቋንቋ፣ በሴት ድምፅ ያሳውቃል። ባትሪው ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ሳይሆን፣ ሳምንት ያህል ሲሠራ ነው እንዲህ የሚደክመው።

«ባትሪው ሲደክም ነው የምትመጣው። ወዳጅዎ መሣሪያውን ቢያመጣው አያለሁ» አለ።

«ሰጥቶኛል» አሉ ሐጂ፤ እጃቸውን ወደ ጥምጣማቸው ውስጥ ሰደዱ። ጣሀ ሲቀበላቸው መሣሪያዎቹ ገና ሙቅ ነበሩ።

ላፕቶፑን ይዞ ከሐጂ ጋር ሲሄድ መጋዘኑ ውስጥ ሂባ ነበረች፤ ዜናዋን አንብባ ለአባቷ ምሳ ይዛ መጥታለች። ጣሀን ስታየው ፊቷን አዞረች። እሱ ላፕቶፑን ሚዛኑ ላይ ከፍቶ አዲስ ባትሪ አስገባና መሣሪያዎቹን አገናኘ። ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ ማስታወሻውን አወጣ፤ መሣሪያው በቀን ስንት ሰዓት እንደዋለ፣ ከምን ዓይነት ድምፅ ጋር እንደዋለ።

ጣሀ አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«ምንድን ነው?» አለች ሂባ። ቁጣዋን ረስታ በትከሻው ላይ አጎነበሰች። ስምንት ቀን። በቀን በአማካይ አሥራ አራት ሰዓት። አብዛኛው፣ ጸጥ ባለ ቦታ የሰው ንግግር።

«ጸጥ ባለ ቦታ የሰው ንግግር» አለች ሂባ ቀስ ብላ። «እኛ ነን።»

ጣሀ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስታወሰ። ዓይንሽ። እንቅልፍ። ካፖርቱ። ደረሰኙ! ያረቢ፣ ደረሰኙ! ሐጂ ረጀብ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው፣ ባዶ ጆሯቸውን ይዘው፣ ሁለቱን በተራ ያያሉ።

«አሁን አይሰሙም» አለ ጣሀ በሹክሹክታ።

«አሁን አይሰማም።»

እጁ ኮምፒውተሩ ላይ የመሣሪያውን ድምፅ በሚያዘው መስመር ላይ ነበር። ትንሽ ወደ ታች ቢጎትተው ሐጂ ተመልሰው ወደዚያ ሸለቆ ይወርዳሉ። መጋዘኑ እንደ ድሮው ይሆናል፤ ፍቅሩም ነፃ፣ ማንም የማይጠይቅበት፣ ሽማግሌ የማያስፈልገው። የዐብዱልቃድርም ሽማግሌዎች ነገ ለደንቆሮ ያወራሉ። ሂባ ጣቱን አየችው። ያ እይታዋ ከሰኞው ንግግር ሁሉ የከበደ ነበር።

ጣሀ መስመሩን ሳይነካ ስዋባን ብቻ አጥፍቶ በአጭር የጢጥ ድምፅ ተካት። ከዚያ ተነስቶ ሄደ፤ ሁለቱን መሣሪያዎች በገዛ እጁ ሐጂ ጆሮ ላይ ሰካ፤ ፊት ለፊታቸው ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ሰሊጥ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ሐጂ፣ ሂባን እወዳታለሁ።»

ሂባ ነጠላዋን ጨበጠች። ሐጂ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ።

«ይህ በሽማግሌ ነው የሚነገር።»

«አውቃለሁ። ግን ስምንት ቀን ሰምተውታል። አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ያልነገርኩዎት ሰው ሆኜ ሽማግሌ ብልክ ሌባ እሆናለሁ። ስለ ደረሰኙም ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሐጂ ረጀብ ጥምጣማቸውን ፈትተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«እንደምሰማ ብነግራችሁ አፍ ትዘጋላችሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ዓመት ሰው ፊቴ ላይ አፉን ያንቀሳቅሳል። ምን እንደሚል ማወቅ ፈለግኩ። መጀመሪያ ቀን ሬዲዮውን ትከሻዬ ላይ አላደረግኩም፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።» ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይ አነሱ። «ሂባ ድምፁ እንደ እናቱ ሆኗል። ማንም አልነገረኝም።»

ሂባ እንባዋን አልጠረገችውም። ጣሀም የራሱን ለመደበቅ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ።

«አንተ ልጅ» አሉ ሐጂ ድንገት፣ ድምፃቸውን አጠንክረው። «እኔን ፈትነሃል። ተራው የእኔ ነው። ተቀመጥ። ዙር። ሲሰማህ እጅ አንሳ።»

ጣሀ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ክምሩ አዞረ። ከጀርባው ሐጂ ረጀብ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው ጀመሩ።

«ዐብዱልቃድር ጥሩ ልጅ ነው።»

ጣሀ እጁን አነሳ። ከብዶት ነበር።

«አይሱዙ ሁለት አለው።»

አነሳ።

«ካፖርት ግን የለውም።»

ጣሀ ግራ ገብቶት አነሳ።

«ይህ በር ባጃጅ ያስገባል። ጆንያ አልቻለውም። ሂባ ሰኞ የተናገረው ካፖርት ወፍራም ነው አይደል? ሂድና አምጣ። እዚህ በምስማር ይመታል። ወላሂ፣ ከዚያ በኋላ አይነቀልም።»

ጣሀ እጁን እስከ ላይ አነሳ። ያ ካፖርት፣ ከሻንጣው ወጥቶ፣ በአራት ምስማር፣ በሰሊጥ መጋዘን በር ላይ! ስምንት ወር ሙሉ ልቡ ውስጥ በሩን ከፍቶ የኖረ ብርድ ዝግት ሲል ተሰማው።

«ሐሙስ እነሱን በክብር እመልሳለሁ። አባትህ ሽማግሌ ይዞ ዓርብ ይምጣ። ሰፋሪ ነው አልልም፤ አርባ ዓመት ቆይቷል፣ እንግዲህ የሚሄድ አይመስለኝም።» መዝገባቸውን ገለጡ። «እሺ ብያለሁ። ደረሰኝ ልቁረጥ?»

ከጀርባው ሂባ በእንባዋ መሀል ስትስቅ ሰማት። በሬዲዮ የማይወጣ፣ ማንም ያልፈተነው ሳቅ ነበር። ከዚያ ሳቁም ቆመ። በሩ ላይ ያለው ጆንያ እንኳ የሚያሳልፈው ባጃጅ አጣ። ጣሀ ፊቱን ወደ ክምሩ እንዳደረገ ጠበቀ፤ ምንም አልተነገረም፤ ምንም አልተሰማም።

እጁን አነሳ።

«ምንም አልተናገርኩም» አሉ ሐጂ ረጀብ።

«እኔ ተናግሬያለሁ» አለች ሂባ።

ሐጂ አንዴ እሷን፣ አንዴ አየር ላይ ያለውን እጅ አዩ። ከዚያ መሣሪያዎቹን ከጆሯቸው ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ፤ ባትሪው ገና ያልሞቀ አዲስ እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ።

«ስዋባ መጣ» አሉና ፊታቸውን ወደ ሰሊጡ አዞሩ።